ገበያው ስልክ ውስጥ ገባ፤ ደረሰኙስ?

ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ በሚመላለሱት ሚኒባሶች የፊት ወንበር ሥር ጠዋት ጠዋት በፌስታል የተጠቀለለ ዕቃ አይጠፋም። ባለቤቱ አብሮ አይሳፈርም። ረዳቱ አዲሱ ገበያ ሲደርስ ለሚጠብቀው ሞተረኛ ያስረክባል፤ ሞተረኛውም ቦሌ ወይም ሲኤምሲ ድረስ ያደርሰዋል። ሂሳቡ ማታውኑ በቴሌብር ተከፍሏል። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ለሱሉልታ ብርድ የተሠራ ሹራብ ወይም የሕፃናት ልብስ ሊሆን ይችላል። ሻጯ ሱቅ የላትም፤ ያላት አንድ ስልክ፣ አንድ የቴሌግራም ቻናልና በረንዳ ላይ የተቀመጠች የስፌት መኪና ነው። በዚህ ሁሉ ጉዞ ውስጥ የሌለው አንድ ነገር ደረሰኝ ነው።

በጎጃም መንገድ ዳርና ዳር ሱቅ ከፍቶ ተመሳሳይ ሹራብ የሚሸጠው ነጋዴ በዚህ ያጉረመርማል። ኪራይ ይከፍላል፣ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ገዝቶ አስቀምጧል፣ ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር ሆዱ ይባባል። ደንበኛው ግን ሱቁ ውስጥ ገብቶ ሹራቡን ለክቶ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ “ቴሌግራም ላይ ይረክሳል” ብሎ ይወጣል። ነጋዴው አንድ ገበያ ሁለት ሕግ ሊኖረው አይገባም ቢል ሐቅ አለው። ይህ ጸሐፊም በዚህ ይስማማል። ስምምነታችን የሚያበቃው ግን ስሌቱ ላይ ስንደርስ ነው።

በመጀመሪያ ሕጉን እንይ። የተጨማሪ እሴት ታክስ /ቫት/ በ1995 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር የቀድሞውን የሽያጭ ታክስ ተክቶ ሥራ ላይ ሲውል፣ የመመዝገቢያ ጣሪያው የዓመት ሽያጭ 500 ሺሕ ብር ነበር። ኋላ አንድ ሚሊዮን ሆነ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ አዋጅ ቁጥር 1341 ደግሞ ሁለት ሚሊዮን አደረሰው፤ ምጣኔው ያው 15 በመቶ ነው። ሕጉ ዕቃ በባንኮኒ ይሸጥ በስልክ ብሎ አይለይም። እንዲያውም አዲሱ አዋጅ ውጭ ሀገር ተቀምጠው በኢንተርኔት አገልግሎት የሚሸጡልንን ድርጅቶች ጭምር ወደ ታክሱ መረብ የሚያስገባ ድንጋጌ ይዟል። ስለዚህ “የኢንተርኔት ሽያጭ ታክስ ይጣልበት ወይስ አይጣልበት?” የሚለው ክርክር በወረቀት ደረጃ ያለቀለት ነው። ተጥሎበታል።

ሁለት ሚሊዮን ብር ሲባል የሀብታም ገንዘብ ይመስላል። ለ365 ቀን ቢካፈል ግን በቀን 5,480 ብር ገደማ ነው። አንዱን ሹራብ በ1,000 ብር የምትሸጥ ሴት በቀን ስድስት ከሸጠች ጣሪያውን አለፈች ማለት ነው። እንበል ክሩ፣ ጨርቁና ቁልፉ ሁሉ ተደምሮ ሹራቡ 850 ብር ያስወጣታል። ትርፏ 150 ብር ነው። ለቫት ስትመዘገብ ሁለት ምርጫ አላት። ወይ ዋጋውን 1,150 ታደርጋለች፤ ያን ጊዜ ገዢው ስልኩን በጣቱ ገፋ አድርጎ ወደ ሌላዋ ሻጭ ያልፋል። ወይ ዋጋውን በ1,000 ብር ትይዝና ከውስጡ 130 ብር ከ43 ሳንቲም ለመንግሥት ታስረክባለች።

ነገሩ የሚከርረው እዚህ ላይ ነው። ክሩንና ጨርቁን የሸጠላት ነጋዴ የቫት ደረሰኝ ከሰጣት፣ በግዢው ላይ የከፈለችውን 110 ብር ከ87 ሳንቲም አቀናንሳ ልዩነቱን 19 ብር ከ57 ብቻ ትከፍላለች። ትርፏ ከ150 ወደ 130 ብር ይወርዳል፤ ያማል እንጂ አይገድልም። ደረሰኝ ካልሰጣት ግን የምታቀናንሰው የለም። 130 ብር ከ43 ሳንቲሙን ሙሉውን ትከፍላለች፤ በእጇ የሚቀረው 19 ብር ከ57 ሳንቲም ነው። በሹራብ ላይ ሃያ ብር እንኳ አይሞላም! የታክሱ ምጣኔ በሁለቱም ጊዜ ያው 15 በመቶ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው መርካቶ ላይ የተሰጠው ወይም ያልተሰጠው ወረቀት ነው።

መርካቶ ደግሞ እንደምናውቀው ነው። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ከደረሰኝ ቁጥጥር ጋር በተያያዘ ብዙ ሱቆች በራቸውን ዘግተው እንደነበር አይረሳም። ያን ጊዜ የቸርቻሪው አቤቱታ አስመጪውና ጅምላ አከፋፋዩ ደረሰኝ ሳይሰጠኝ እኔን ስጥ ትሉኛላችሁ የሚል ነበር። የሱሉልታዋ ሻጭ ደግሞ ከዚያ ቸርቻሪ የምትገዛ ናት። የሰንሰለቱ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ከላይ ያልተሰጠውን ደረሰኝ ሁሉ ዕዳ ይሸከማል።

ጣሪያው ከፍ ብሏል የሚሉም አሉ። በብር አዎን። በ1995 ዓ.ም. ዶላር ስምንት ብር ከምናምን ይመነዘር ስለነበር 500 ሺሕ ብር 58 ሺሕ ዶላር ገደማ ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር መቶ ብርን አልፎ ሄዷል፤ በዚህ ሂሳብ ሁለት ሚሊዮን ብር 20 ሺሕ ዶላር አይሞላም። ሻጯ አንድም ሹራብ ሳትጨምር፣ የክሩ ዋጋ ስለናረ ብቻ ወደ ጣሪያው ተገፍታ ትጠጋለች። ጣሪያው በየዓመቱ ከዋጋ ንረቱ ጋር እየታየ ይስተካከል ማለት ለነጋዴ ማዳላት አይመስለኝም።

ሌላው ዓለምም ይህን ተጨቃጭቆበታል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ አንድ ግዛት ውስጥ ሱቅ ወይም መጋዘን የሌለውን ሻጭ ግዛቱ የሽያጭ ታክስ ሰብስብልኝ ሊለው አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሳውዝ ዳኮታና በዌይፌር ጉዳይ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ያንን ሻረው። ሆኖም ዳኮታ ያወጣችው ሕግ በግዛቷ ውስጥ በዓመት ከ100 ሺሕ ዶላር በላይ ያልሸጠውን ወይም 200 ጊዜ ያልሸጠውን አይነካም ነበር፤ የ200ውንም መስፈርት በ2023 አንስታዋለች። በኋላም ግዛቶቹ ታክሱን የመሰብሰቡን ሥራ እንደ አማዞንና ኤትሲ ባሉት የገበያ መድረኮች ላይ ጣሉት። የሀበሻ ቀሚስ በኤትሲ የምትሸጥ የሜሪላንድ ወገናችን ለየግዛቱ እየዞረች ታክስ አታሰላም፤ መድረኩ ያሰላላታል። የእኛዋ የቴሌግራም ሻጭ ግን እንዲህ ያለ ደላላ የላትም። ቴሌግራም ገንዘቡን አይነካም።

ገንዘቡን የሚያዩት ባንኩና ቴሌብር ናቸው። ታዲያ ገቢ ሰብሳቢው ወደዚያ ቢመለከት አይደንቅም፤ ግን በጥንቃቄ ይሁን። የአንዲት እናት ሂሳብ ውስጥ የሹራብ ዋጋ ብቻ አይገባም። የዕቁብ ዕጣ ይገባል፣ የእድር ገንዘብ ይገባል፣ ከዓረብ ሀገር እህት የላከችው ይገባል። ገቢ የተደረገውን ሁሉ ደምሮ “ሽያጭሽ ይህ ነው” ማለት ሹራብ ሳትሸጥ ቫት እንድትከፍል ማድረግ ነው። በዚህ ፍርሃት ሽያጩን በባልና በእህት ስልክ ከፋፍሎ መቀበል እንደ ብልሃት መወራት ጀምሯል። ይህ ደግሞ ለማንም አይበጅም።

ሌላም አለ። ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናት፤ ገዢዎቿ ግን አዲስ አበባ ናቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 በክልሉ ውስጥ ከሚሠሩ ግለሰብ ነጋዴዎች የሚገኘውን የትርፍና የሽያጭ ግብር ለክልሉ ይሰጣል። ዕቃዋን አዲሱ ገበያ ዘመድ ቤት አስቀምጣ የምታከፋፍል ሴት ታዲያ “የምትሠራው” የት ነው? ሁለት መዝገብ ቤት ልታንኳኳ ነው ወይስ አንድ? መልሱ በግልጽ ተጽፎ ሊለጠፍላት ይገባል።

ከሁሉ በፊት ግን ቁጥጥሩ የሚጀመርበት ቦታ ይለወጥ። ተቆጣጣሪው የሚኒባሱን ፌስታል ከመፍታቱ በፊት የክሩ ጆንያ ከኮንቴይነር የሚወርድበት መጋዘን ይሂድ። እዚያ የተቆረጠ ደረሰኝ እስከ ሱሉልታ በረንዳ ከደረሰ፣ ሻጯ ከአንድ ሹራብ የምታጣው ሃያ ብር እንጂ 130 ብር አይሆንም። መዝግቡኝ ብላ ራሷ ብትመጣም አይገርመኝ፤ ሹራብ በብዛት የሚገዙ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ዛሬ የሚያልፏት የቫት ደረሰኝ ስለሌላት ነው።