የላይብረሪ ባለሙያው ቴሌግራም ይግባ

የመመረቂያ ጽሑፌን ስሠራ አንድ የጆርናል ጽሑፍ አስፈለገኝ። ድረ ገጹ በዶላር ክፈይ አለኝ። ዶላር ከየት ይመጣል? ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ያላችሁ ላኩልኝ» ብዬ ለጠፍኩ። አንዱ ላከልኝ፤ ስከፍተው ሌላ ጽሑፍ ነው።

ከተመረቅኩ በኋላ ነው የሰማሁት፦ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባል ፕሮግራም የተመዘገቡ የአገራችን ተቋማት ብዙ ጆርናሎችን በነፃ ያገኛሉ። የይለፍ ቃሉን መጠየቅ የነበረብኝ ላይብረሪውን ነበር። ማን ነገረኝ! ኢኮኖሚክስ ስንማር «የፍለጋ ወጪ» የምንለው ይሄው ነው፤ ዕቃው ነፃ፣ ማግኘቱ ውድ።

የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትና ኦሲኤልሲ ለላይብረሪዎች የኦንላይን መጠየቂያ አገልግሎት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፣ ቴሌግራም ሳይፈጠር። እኛ አዲስ አፕ አያስፈልገንም። አንድ የላይብረሪ አካውንት፣ በፈረቃ የሚመልስ ባለሙያ፣ በር ላይ የተለጠፈ ዩዘርኔም፤ በቃ።

«ሠራተኛ የለንም» ይባል ይሆናል። ዴስክ ላይ ጠያቂ የሚጠብቀው ሰውዬስ? ሌሊት ለጠየቀ ጠዋት ቢመለስለት ማንም አይቀየምም። «አሳይመንቴን ሥራልኝ» የሚል መቼም አይጠፋም፤ እሱን ሲን አድርጎ ማለፍ ነው።