ከንፈሩ ተሰፋ፤ ጥርሱስ?

ስለ ከንፈርና ላንቃ መሰንጠቅ ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን ቀዶ ሕክምናው ነው። ከንፈሩ ከተሰፋና ላንቃው ከተዘጋ «በቃ፣ አለቀ» እንላለን። እኔም በተግባር ልምምድ ላይ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ እስካገኝ ድረስ እንዲሁ ነበር የማስበው። ልጅቷ በሳቀች ቁጥር አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች። እናቷ «ዶክተር፣ ከንፈሯ እኮ በሕፃንነቷ ተሰፍቷል፤ አሁን ደግሞ ምን ያሳፍራታል?» አሉኝ። ገና ተማሪ ነኝና መልስ አጣሁ።

የጥርሷን ቅርጽ በጄሶ አውጥቼ በካሊፐር ለካሁ። ስንጥቁ በግራ በኩል ነበር። ከመሀለኞቹ ሁለት ጥርሶች ቀጥሎ ያለው የላይኛው ጥርስ በቀኝ 6.5 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ በግራ 4.5 ብቻ ነው። መሀለኛውም በቀኝ 8.5፣ በግራ 8 ሆነ። ይህ የሷ ብቻ ችግር አይደለም። ከንፈር የሚገጥመው በፅንሱ 6ኛና 7ኛ ሳምንት ገደማ ነው፤ የወተት ጥርስም መሠረቱን የሚጥለው በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ በስንጥቁ አጠገብ ያለው ጥርስ ብዙ ጊዜ ይቀጭጫል፣ ወይም ጨርሶ አይበቅልም፤ አንዳንዴም ትርፍ ጥርስ ይወጣል።

ክርክሬ እዚህ ላይ ነው። በክፍል የምንማረው የቦልተን ስሌት እ.ኤ.አ. በ1958 የታተመ ሲሆን የተመሠረተው ጥርሳቸው እጅግ ባማረ ሁኔታ በገጠመ 55 ሰዎች ላይ ነው። ክራንቻን ጨምሮ የታችኞቹ 6 የፊት ጥርሶች ስፋት ድምር ከላይኞቹ 77.2 በመቶ ይሆናል ይላል። የልጅቷ ግን 82.4 መጣ። ስሌቱ ቀኝና ግራን አንድ ላይ ስለሚደምር ጉድለቱ የት እንዳለ አይናገርም። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «የታችኞቹ በዝተዋል» ብሎ ጤነኛ ጥርስ ሊሞርድ ይችላል። የጎደለው ግን ከላይ፣ በግራ፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ነው! እሱን ደግሞ ቦታ አመቻችቶ በጥርስ መሙያ ማስፋት ይቻላል።

«ወረፋው ብዙ ነው፤ መጀመሪያ ንግግሩና መስማቱ ይስተካከል» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ቅድሚያውን አልነፍግም። ነገር ግን ካሊፐር ይዞ አንድ በአንድ፣ ቀኝና ግራን ለይቶ መመዝገብ የደቂቃዎች ሥራ ነው። አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ ይባል የለ? እንግዲህ በትምህርት ክፍላችን ልምምድ ላይ ይህ መዝገብ ግዴታ ቢሆን፣ ለወላጆችም የጥርሱ ነገር ገና እንደሚቀር ከመጀመሪያው ቢነገራቸው እላለሁ።

ለእናትየዋ በኋላ ቅርጹን አሳየኋቸው። ሁለቱን ጥርሶች በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው «ለካ ይሄ ነው» አሉ። ልጅቷም ጠጋ ብላ አየች፤ ነጠላውን ረስታው ነበር።