የገብስ ዋጋና የኳንተም ቀመር

ገበያን በኳንተም ሒሳብ እንፍታ የሚሉ ወንድሞች በመካከላችን በዝተዋል። ዋጋ ሽያጩ እስኪፈጸም እንደ ኤሌክትሮን ቦታ አይለይም ይሉናል። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የብላክና የሾልስ ቀመር በቅርጹ የሽሮዲንገርን መምሰሉ እውነት ነው፤ ያምራልም።

ግን እስቲ አሰላ እንሂድ! እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት፣ ካዱ፣ በምርጥ ዘርና በማዳበሪያ የስንዴውን ምርት አሳደገ። ባለመሬቱ ትርፉን ሲያይ ትራክተር አስገባና ጭሰኛውን አባረረ። ለምን? ቀመር ስለጎደለ ነው? መሬቱ የባለመሬቱ ስለነበረ ነው እንጂ!

ዛሬስ ገብሱን በአህያ ጭኖ ገበያ የሚወጣው ገበሬ ዋጋውን ከማን አፍ ይሰማል? ከገዢው አይደለም እንዴ? ለአንዱ ጨለማ፣ ለሌላው ብርሃን የሆነውን ነገር ምን ኳንተም አመጣው? ወገኖቼ፣ ቀመሩን እንማር፤ አስቀድመን ግን ሚዛኑን የያዘው ማነው እንበል።