አሮጌው ባይኖኩላር ከሳጥን ይውጣ!

«ቲቸር፣ ይቺን ያረጀች ባይኖኩላር ለምን በአዲስ አትቀይራትም?» የሚለኝ ሰው በዛ። በኢንቦክስም፣ ጊደር መጋላ ላይ በአካልም። ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

አልቀይራትም። እናንተም ከአባት ወይ ከአያት የደረሳችሁ ደህና የጀርመን ባይኖኩላር ካለ እንዳትቀይሩት። ሳጥን ውስጥ ቆልፋችሁም እንዳታስቀምጡት። ጠቤ ከሁለት ዓይነት ሰዎች ጋር ነው።

አንደኛው ቁጥር የሚገዛው ሰው ነው። «10-180×100» የሚል ጽሑፍ ያያል፣ «180 ጊዜ ያቀርባል!» ይባላል፣ ብሩን ቆጥሮ ይሰጣል። ወንድሜ፣ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቀሃል? ከ× በፊት ያለው ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ፣ ከ× በኋላ ያለው የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊሜትር ነው። እስቲ ማስመሪያ አምጣና ለካው። 100 የተባለው 100 ካልሆነ፣ 180 የተባለውን እንዴት ታምናለህ?

እውነት ነው ብንል እንኳ አይጠቅምህም። ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው አካፍለው። ወደ ዓይንህ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት እሱ ነው። የኔዋ 8×30 ናት፤ 3.75 ሚሊሜትር ትሰጣለች። ያንተው 180 ላይ ሲደርስ 0.6 እንኳ አይሞላም። የዓይናችን ብሌን በጠራራ ፀሐይ ሲጠብ እንኳ 2 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ የምታየው ጨለማ ነው። በዚያ ላይ የሚጎላው ወፏ ብቻ አይደለችም፣ የእጅህ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል። በእጅ ለሚያዝ ባይኖኩላር ከ8 እስከ 10 ጊዜ ይበቃል፤ ይሄን ድሮ የሠሩት ሰዎች ያውቁት ነበር።

የኔዋ የምሥራቅ ጀርመን ሥራ ናት፤ የና ከተማ ከነበረው ከካርል ዛይስ ፋብሪካ። ውስጧ ያለው የፕሪዝም አደራደር እ.ኤ.አ. በ1854 ጣሊያናዊው ኢግናዚዮ ፖሮ ያሰበው ነው። ዛይስ በ1894 በዚህ ላይ የተመሠረተ ባይኖኩላር ለገበያ አቀረበ። በ1935 ደግሞ እዚያው ፋብሪካ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ የሌንስን ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ ሽፋን ፈጠረ። ይቺ «ያረጀች» ያላችኋት ዕቃ ይሄን ሁሉ ዕውቀት ተሸክማለች።

አዎ፣ የዛሬዎቹ ምርጦች ይበልጣሉ፤ አልክድም። ሽፋናቸው ብዙ ንብርብር ነው፣ ውሃ አያስገቡም፣ የዓይን መነጽር ለሚያደርግም ይመቻሉ። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቀጥ ያለ ቱቦ ያላቸው የድሮ ባይኖኩላሮች በፕሪዝማቸው ጠባይ የተነሳ ምስሉ ጥራት ያጣ ነበር። ዛይስ ለዚህ መድኃኒት የሚሆን ልዩ ሽፋን ያወጣው በ1988 ነው። ትከሻዋ ሰፋ ያለችው የኔዋ ዓይነት ግን በሽታውም የለባት፣ መድኃኒቱም አያስፈልጋት።

ደግሞ ትጠገናለች። አካሏ ብረት ነው፣ ብሎኗ ይፈታል፣ ቅባቷ ቢደርቅ ይለወጣል፣ ፕሪዝሟ ቢዛነፍ በሚያውቅ እጅ ይስተካከላል። ርካሹን ፕላስቲክ ግን ማስቲሹ ከለቀቀ በቃ፣ ጣሉት።

የሐረር ሰው ይሄን እንዴት ይረሳዋል? ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ ስንወርድ ማኪና ግርግር ላይ የልብስ ስፌት መኪኖቹን አታዩም? «አሮጌ ነው» ብሎ የሚጥላቸው አለ? በፔጆ 404 ታክሲ ያደገ ከተማ፣ አሮጌ ማለት የማይረባ ማለት እንዳልሆነ ማንም ሊያስተምረው አይገባም!

ሁለተኛው ጠበኛዬ ደግሞ ዋጋውን አውቆ የሚቆልፈው ነው። ወይ በጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ይከተዋል፣ ወይ «አንቲክ ነው» ብሎ ለአላፊ አግዳሚ ፈረንጅ ይሸጠዋል። ጌ ጋር ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሞሰብ እንኳ ሠርግ ሲመጣ ይወርዳል፤ ሥራ አለው። የማይታይበት ባይኖኩላር ግን ምንድን ነው? የብረት ቁራጭ። የባለቤትነቱ ጣዕም ያለው ማየቱ ላይ እኮ ነው።

ምን ይታያል ትሉኛላችሁ። ጊደር መጋላ ስጋ ተራ ላይ ሥጋ የሚነጥቁትን ጭላቶች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ግን ሁለት ዓይነት መሆናቸውን ስንቶቻችሁ አያችሁ? አዋቂው ምንቃሩ ሙሉ ቢጫ የሆነው አፍሪካዊው ነው። ምንቃሩ ጥቁር የሆነው ደግሞ የሰሜኑን ብርድ ሸሽቶ የመጣ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ከልጅነታችን ጀምሮ በአናታችን ላይ ሲዞር የኖረ እንግዳ!

ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። ብዙዎቻችሁ ዛሬ አስጎብኚ ናችሁ። ባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ውስጥ ዝሆንን ከሩቅ ለይቶ ማወቅ ምቾት አይደለም፣ ሕይወት ነው። አስጎብኚው ከቱሪስቱ ባይኖኩላር ተውሶ የገዛ አገሩን ሲያይ ደግሞ ያሳፍራል። አዲስ ጥሩውን ለመግዛት ዶላር ይፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ ጉምሩክ ማለፉም ቀላል አይደለም። ስለዚህ በእጃችን ያለው፣ አገር ውስጥ የገባው ያው አሮጌው ነው። እሱን ቆልፈን ወይ ሸጠን ልጆቻችንን በ«180» እናታልላቸው?

ያላችሁ አውጡትና ፈትሹት። ከአንድ ወገን ባትሪ አብሩበትና በሌላው ተመልከቱ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ሳይባባስ ይጠረግ። የመስጊድ ሚናራ ጫፍ ላይ አነጣጥሩ፤ ሁለት ሆኖ ከታየ ፕሪዝሙ ተዛንፏል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። በጋቢ ጫፍ እንዳትፈትጉት! የሐረር አቧራ መስታወት ይቧጭራል።

ከዚያ አንገቱ ላይ ለሚያንጠለጥለው ልጅ ስጡት። ልጅ የለኝም የሚል ጎረቤቱን ይጠይቅ። ለማንም አልሰጥም የሚል ደግሞ ራሱ ይዞት ሐኪም ተራራ ይውጣ።

«ቢሰበርስ?» የምትል ኮሜንት እጠብቃለሁ። መልሴን ከወዲሁ ልጻፈው፦ ሳጥን ውስጥ ሻጋታ ከሚበላው፣ እያየንበት ቢሰበር ይሻላል።