ደብተሩም ይቆጠራል

አስቀድሜ ልናዘዝ። ቀስተኛዋን የገደልኳት እኔ ነኝ። ሦስት መስመር ነው የፈጀብኝ። ዘንዶው ከደመና ወረደ፣ ድልድዩ ላይ እሳት ተፋ፣ ከጭሱ ውስጥ የተገኘው ቀስቷ ብቻ ነበር። ግሩፑ ውስጥ ሰባት ነን፤ የምንጽፈው ግን አራታችን ብቻ ነበርን፤ አራታችንም ወደድነው። አንዱ የሚያለቅስ ስቲከር ላከ። አጫዋቻችን «አሪፍ አሟሟት!» አለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ፣ ይኼን አልደብቅም።

የቀስተኛዋ ባለቤት ያን ጊዜ ሳንጃ ነበረች። ስልኳ ቻርጅ አለው፣ ካርድ አለው፣ ዳታ የለውም። ከሐምሌ 28 ቀን 2015ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። እሷ በቁሟ ገጸ ባሕርይዋን ቀብረንባት፣ ለቅሶውንም በስቲከር ጨርሰን፣ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ተሻግረናል።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ዓለሙ የአኒሜ ዓለም ነው፤ ተራራ ላይ የተሠራ የአስማት ትምህርት ቤት፣ ስም ያላቸው ሰይፎች፣ ዘንዶ የሚያድኑ ማኅበረተኞች፣ በየዓመቱ የሚከፈት በር። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይፈጥራል። አጫዋቹ፣ ጌም ማስተር የሚሉት፣ «ድልድዩ ላይ ደርሳችኋል፤ ገመዱ ያረጀ ነው» ይላል፤ ሌሎቹ ሰዎቻቸው የሚያደርጉትን ይጽፋሉ። ውጤቱ ሲያጠራጥር ቴሌግራም ላይ ያለችውን ዳይስ እንወረውራለን። ስድስት ከወጣ ተሻገርክ፣ አንድ ከወጣ ዋና መቻልህን እናያለን። አሸናፊ የለም። ተጋግዞ አንድ ታሪክ መጻፍ ነው፣ በቃ።

እና ሕግ አለ። ግሩፑ አናት ላይ ፒን ተደርጎ የተቀመጠው የመጀመሪያው ሕግ እንዲህ ይላል፦ «በ72 ሰዓት ውስጥ ያልጻፈ ተጫዋች ገጸ ባሕርዩ ከታሪኩ ይወጣል።» ጥሌ ከዚህ ሕግ ጋር ነው። ከአጫዋቹ ጋርም ቢሆን ጥል የለኝም ብዬ አልዋሽም፤ ግን እሱ ሕጉን ከእንግሊዝኛ ግሩፖች ነው የገለበጠው፣ እንደ ብዙዎቻችሁ። እዚያ ሦስት ቀን ያልጻፈ ሰው ምናልባት ሰልችቶታል። እኛ ጋ ሦስት ቀን ያልጻፈ ሰው መብራት ጠፍቶበት፣ ዳታ ተዘግቶበት፣ ሰሊጥ አረም ወርዶ፣ ወይም ጥይት ሲንጣጣ መሬት ላይ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ሕጉ እነዚህን ሁሉ በአንድ ስም ይጠራቸዋል፦ «ኢንአክቲቭ»።

እስኪ ስለ ሰሊጡ ላስረዳችሁ፣ ከተሜዎች ትስቁ ይሆናል። ሳንጃ ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የታች አርማጭሆ ከተማ ናት። ከዚያ እስከ መተማ ድረስ ያለው ቆላ በሰሊጥና በማሽላ ነው የሚኖረው። ክረምት ላይ አረም አለ፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ አጨዳው ይጀምራል። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም። ቆይተህ ካጨድከው ፍሬው ፈንድቶ መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ ጉልበት ያለው ሁሉ፣ ተማሪውም ጭምር፣ ይወርዳል። እርሻው ውስጥ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ የወጣ ልጅ «ቀስተኛዬ ወደ ግራ ትተኩሳለች» ብሎ እንዲጽፍ ነው የምንጠብቀው? ኢንተርኔት ባይዘጋም እንኳ የ72 ሰዓቱ ሕግ በየዓመቱ የኛን አገር ልጆች መርጦ የሚገድል ሕግ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሲያናድደኝ የኖረ ነው። አጫዋቻችን የዩኒቨርሲቲ ፈተና ላይ በነበረበት ሰሞን ጨዋታው ሦስት ሳምንት ቆሟል። ሦስት ሳምንት! ማንም ከታሪኩ አልወጣም፣ ማንም አልሞተም። «ይቅናህ» ብለን ጠበቅነው። ካርታው እሱ ጋ፣ የበሩ ምስጢር እሱ ጋ፣ የዘንዶው ስም እሱ ጋ ስለሆነ ሌላ ምርጫም አልነበረንም። መተማ ላይ በመጋቢት 1881 የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ ሊያሸንፍ የደረሰ ሠራዊት አፄ ዮሐንስ መመታታቸውን ሲሰማ ተበተነ። ያ ጦርነት ነው፣ ንጉሥም ነበረው። የኛ ግን ጨዋታ ነው። ጨዋታን በአንድ ሰው ላይ አንጠልጥሎ፣ ያንን ሰው ብቻ ከሕጉ ነጻ ማድረግ ከየት የመጣ ወግ ነው?

አኒሜ የምትወዱ ልጆች ደግሞ የምትወዱት ዓለም ከየት እንደመጣ ብታውቁ ክርክሬ ይገባችኋል። «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ፣ ጠረጴዛ ዙሪያ በወሬና በዳይስ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ጃፓን ውስጥ ጥቂት ጓደኛሞች ይህንኑ ሲጫወቱ የተባባሉት ተጽፎ «ኮምፕቲክ» በሚባል መጽሔት ላይ በተከታታይ ወጣ። አጫዋቹ ሪዮ ሚዙኖ ነበር። ከዚያ ልብ ወለድ ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ አኒሜ፤ «ሪከርድ ኦፍ ሎዶስ ዋር»። ረጅም ጆሮ ያላት የአኒሜ ኤልፍ ስትሉ ዓይናችሁ ላይ የምትመጣው መልክ ብዙው ከዚያ ታሪክ ዲድሊት የተወረሰ ነው። ዲድሊትን የተጫወታት ደግሞ ሚዙኖ አይደለም፤ ሂሮሺ ያማሞቶ የሚባል ወንድ ደራሲ ነው፣ ከተጫዋቾቹ አንዱ። አጫዋቹ ዓለሙን ሠራ፣ ዓለሙ የሚታወስባትን ሰው ግን አጠገቡ የተቀመጠው ነው ያመጣለት። ያማሞቶ አንድ ሳምንት ቀርቶ ሚዙኖ ኤልፏን ዘንዶ ቢያስበላት ኖሮስ?

ለነገሩ ጃፓን ድረስ ምን አስኬደን። አያቶቻችን «ተረት ተረት» ብለው ዝም ይላሉ። «የላም በረት» እስኪባሉ ድረስ አይቀጥሉም። አንዱ ልጅ ቡና ሊያቀርብ ወጥቶ ከሆነ «ይምጣ፣ ቆዩ» ይባላል። አዝማሪስ ቢሆን? «ተቀበል!» ብለህ ግጥም ስትሰጠው ያንተን ግጥም ነው በማሲንቆው የሚመልስልህ። ያሳምረዋል፣ ይጎትተዋል፣ ግን አንተ ለሽንት ስትወጣ በስምህ ግጥም ሰጥቶ ራሱ አይቀበልም። ኢንተርኔት ላይ ስንመጣ ነው ይኼ ሁሉ ጨዋነት የጠፋን።

አሁን ወደ ደብተሩ።

ኢንተርኔት ሲዘጋ ሳንጃ ውስጥ ሦስት ተጫዋቾች ነበሩን፤ ቀስተኛዋ፣ ጋሻ ያዡና አንድ ዕፅዋት ቀማሚ። እኛ «ጠፉ» ስንል እነሱ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝተው ቀጠሉ። በየተራ ይጽፋሉ፤ አንዱ ቤት ያድራል፣ በማግስቱ ለሌላው ይሄዳል። ዳይሷን ከሉዶ ነው የወሰዷት። አጫዋች ስላልነበራቸው በየምዕራፉ ተለዋወጡ፤ አጫዋች የሆነው ሰው የራሱን ገጸ ባሕርይ ያስተኛል። ተኩስ የተሰማባቸው ቀናት አሉ፣ ማንም ከቤት ያልወጣባቸው። በእነዚያ ቀናት ደብተሩ ያለበት ሰው ቀኑን ብቻ ጽፎ መስመሩን ባዶ ይተዋል። የሌሎቹን ተራ አይጽፍላቸውም። አንድ ቦታ ስድስት ባዶ መስመር በተከታታይ አለ።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ሦስቱም ግሩፑ ላይ ብቅ አሉ። ከሁለት ሺህ በላይ ያልተነበበ መልእክት። ቀስተኛዋ ወደ ላይ እያነበበች ሄዳ የኔን ሦስት መስመር አገኘችው። «እሺ» ብላ ጻፈች። ጋሻ ያዡ የደብተሩን የመጀመሪያ ገጾች ፎቶ አንስቶ ላከና «እኛ ጋ በሕይወት አለች» አለ። አጫዋቹ ምን መለሰ? «ካነን አይደለም።»

ካነን! አኒሜ ወዳጆች ለትክክለኛው ታሪክ የምንሰጠው ስም ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው የአድናቂ ፈጠራ ነው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን የኛም «ቀኖና» ከዚያው ነው። በኛ ቋንቋ ግን ቀኖና የንስሐ አባት ለበደለ ሰው የሚሰጡትም ቅጣት ነው። ያን ቀን ቀኖና መቀበል የነበረብን እኛ ነን፣ የሰጠነው ግን ለእነሱ ነው። ቀስተኛዋ በማግስቱ ግሩፑን ለቀቀች። ቴሌግራም ላይ መውጣት አንዲት ግራጫ መስመር ናት።

የምከራከረው ይኼን ነው፦ ደብተሩ ካነን ነው። ከኛም ቅጂ በላይ ካነን ነው እላለሁ፣ ምክንያቱም እነሱ በደብተሩ ውስጥ እኛን አልገደሉንም። አራታችንም አለን። የኔ ሰይፈኛ «ወደ ሰሜን መልእክት ሊያደርስ ሄዷል» ተብሎ ተጽፏል፣ ሲመለስ የሚበላው ዳቦ እንኳ ተቀምጦለታል። እኛ ኢንተርኔት ስለነበረን ታሪኩ የኛ መሰለን። ሦስት ሰው ጎድሎበት የተጻፈ የሰባት ሰው ታሪክ በምን ሒሳብ ነው ዋናው የሚሆነው?

ደግሞ ጥራቱ። (ይኼ ከክርክሩ ውጭ ነው፣ ግን ካልተናገርኩት አልተኛም።) በኛ ቅጂ በረዶ ይዘንባል፣ የቼሪ አበባ ይረግፋል፤ አንዳችንም በረዶ አይተን አናውቅም። በደብተሩ ውስጥ ያለው ዘንዶ ከሙቀት የተነሣ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ፈልጎ ይተኛል፤ ጀግኖቹም እሱ ሲተኛ ነው የሚሻገሩት፣ ግን እነሱም ሙቀቱን አይችሉትም። ወንዙ ክረምት ላይ እንደ አንገረብ ይሞላል፣ የማይሻገሩት ሳምንት አለ። አኒሜ ነው፣ ሰይፉም አስማቱም አለ፣ ግን ቆላ ይሸታል።

መልስ አላችሁ፣ አውቃለሁ፤ እኔም ራሴ ስለው የነበረ ነው። «የሚጽፉት ሰዎችስ ምን በደሉ? አንድ ሰው እየጠበቅን አምስት ሰው ድልድይ ላይ ይቁም?» ልክ ነው፤ ጨዋታ ካልተንቀሳቀሰ ይሞታል፣ ሲሞት ያየሁት ግሩፕ ብዙ ነው። ግን መቀጠል አንድ ነገር ነው፣ መግደል ሌላ ነው። ቀስተኛዋን ድልድዩ ላይ ያስቀመጣት ማን ነው? እኛው። ተጫዋቿ መጥፋቷን እያወቅን አደገኛ ቦታ ላይ ትተናት፣ «ታሪኩ አስገደደን» አልን። ታሪኩ አፍ የለውም እኮ።

አዲስ ግሩፕ ስከፍት ያደረግኩትን ልንገራችሁ፣ ከፈለጋችሁ ውሰዱት። ገጸ ባሕርይ የሚፈጥር ሰው ሁሉ መጀመሪያ ላይ አደራ ይጽፋል፤ «ከጠፋሁ ሰውዬዬ የት ይሂድ፣ ማንን ያምናል፣ ምን በፍጹም አያደርግም»። አደራውን የሚይዘው ከተጫዋቾቹ አንዱ ነው፣ እኔ አይደለሁም። የጠፋ ሰው ገጸ ባሕርይ ከአደጋው ቦታ ይወጣል፣ ያለ ባለቤቱ አይናገርም፣ አይጋባም፣ አይሞትም። ትዕይንቶችን አሳጥረናል፤ ከሁለት ሦስት ሰው በላይ የሚጠብቅ ትዕይንት የለም፣ ስለዚህ አንዱ ቢቀር የሚቆመው ትንሹ ክፍል ነው። ካርታውና ምስጢሩ ሁለት ሰው ጋ አለ። ዳታ ለሌለው ሰው ደግሞ ምዕራፍ ሲያልቅ በኤስኤምኤስ እንልካለን። አንድ ኤስኤምኤስ በላቲን ፊደል 160 ሲይዝ በኛ ፊደል 70 ብቻ ነው የሚይዘው፤ ምዕራፍን በ70 ፊደል ማጠፍ መጀመሪያ ያስለቅሳል። «በሩ ተከፈተ። ጠንቋዩ ወንድምሽ ነው። ቦታሽ አለ።» ይገባል፣ ሞክሩት።

ከነዚህ ሁሉ የከበደው ቀስተኛዋን መፈለግ ነበር። ደወልኩ። «አንቺን ሳልጠይቅ ሰውሽን ገደልኳት» አልኳት፣ ሲነገር ደግሞ ሞኝ ነገር ይመስላል። ሳቀች። «አንተ መሆንህን አውቃለሁ፣ አጻጻፍህ ያስታውቃል» አለች። እመለሳለሁ አላለችም። ደብተሩን ግን ለመገልበጥ ፈቀደችልኝ፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፣ ባዶዎቹን መስመሮች እንዳልዘል።

ሳንጃ ስሄድ ሰጠችኝ። ሽፋኑ ላይ የቡና ክብ አለ፣ ጥግ ጥጉ በላብ ለስልሷል። ማታ ማታ እተይባለሁ፤ ቀን ብቻ የተጻፈበት ጋ ስደርስ ቀኑን ብቻ እተይባለሁ። አሁን ገጽ 31 ላይ ነኝ። ወንዙ ጎድሏል፣ ዘንዶው ተኝቷል፣ ቀስተኛዋ ጫማዋን እያወለቀች ነው።