ያለ ሕመሜ ሕመም አይጻፍብኝ!

ጤናችሁ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም። የዛሬው ጨዋታችን ራሱ ጤና ነው፤ በተለይም ከውጭ አገር የሚመጣ እንግዳ እኛ ዘንድ ሲታመም ማን ይከፍልለታል የሚለው ነገር። «እኔ ምን አገባኝ፣ ውጭ አገር ዘመድ የለኝም» ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት። ነገ የማን በር እንደሚንኳኳ አይታወቅም። እንግዳ ሲታመም ደግሞ በሌሊት የሚሯሯጠው የቤቱ ሰው ነው።

ነገሩ የደረሰው እዚሁ ቤታችን፣ ጭሮ ነው። አሰበ ተፈሪ ማለት የሚቀናችሁ እንደዚያው በሉት፤ እናቴም እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ ነው የምትለው። 2017 ዓ.ም ታኅሣሥ ላይ የእናቴ ታላቅ እህት ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ከአሜሪካ መጣች። የቁልቢ ገብርኤል ስለት ነበረባት። ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ በከተማችን ሽቅብ የሚግተለተለውን መኪና ያየ ያውቀዋል፤ ግማሹ ተሳፋሪ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንደ ደረሰች እሷ ሻንጣዋን ስትዘረግፍ እናቴም የራሷን ንብረት አወጣች፤ በፌስታል ጠቅልላ የምታስቀምጠውን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተሯን። እናቴ ጉሊት ነው የምትውለው። ሽንኩርትና ቲማቲም ሸጣ በየዓመቱ የምትከፍልበት ስለሆነ ትኮራበታለች። አክስቴ ግን «ይሄ ደግሞ ምንድነው፣ የእድር ደብተር ነው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ከቦርሳዋ አብረቅራቂ የፕላስቲክ ካርድ መዘዘችና «ኢንሹራንስ ማለት ይሄ ነው!» አለች። እውነቱን ልናገርና እኔም አብሬ ሳቅሁ። በአሜሪካ ካርድ ፊት በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር ምን ግርማ አለው?

ቁልቢ ሄደን፣ ስለቷን አግብታ፣ ተሳልመን ተመለስን። በዚያው ሌሊት ትውከትና ተቅማጥ አጣደፋት። አክስቴ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ ነች። መድኃኒቷ ያለበት ትንሽ ቦርሳ አዲስ አበባ ባረፈችበት ቤት ቀርቷል። «ለጥቂት ቀን ምን እሆናለሁ» ብላ ለማንም አልነገረችም። ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ስሟን ስንጠራት መመለስ አቃታት። በባጃጅ ይዘናት በረርን።

የገባንበት አንድ የግል ክሊኒክ ነበር፤ ስሙ ይቆይ። መያዣ ክፈሉ ተባልን። ካርዱን አወጣን። ገንዘብ ተቀባይዋ ገልበጥ መለስ አድርጋ አየችውና «ወንድሜ፣ ይሄ እኛ ጋ አይሠራም» አለችኝ። ከጀርባው ባለው ቁጥር ደወልን። እዚያ ገና አመሻሽ ነበርና ስልኩ ተነሳ። የተሰጠን መልስ አጭር ነው፤ ካርዱ የሚያገለግለው በአሜሪካ ምድር ብቻ ነው። የባንክ ካርዷን ማሽን ላይ ብንሞክረው እሱም እምቢ አለ። ያቺ በየወሩ ዶላር የምትልክልን አክስቴ በዚያች ሌሊት አንድ መቶ ብር እንኳ አልነበራትም።

የምጸጸትበት ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። እናቴና አክስቴን ሲያዩዋቸው መንታ ይመስላሉ። ደብተሩ ላይ ያለው ፎቶግራፍም ደብዝዟል። «እማዬ፣ በአንቺ ደብተር መንግሥት ጤና ጣቢያ እንውሰዳት። በስምሽ ትታከም፣ ማን ያውቃል?» አልኳት። እናቴ ዞራ አየችኝ። «አንተ ልጅ፣ ያለ ሕመሜ ሕመም አይጻፍብኝ! እሷም ያለ ስሟ አትታከም» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። የሄደችው ጎረቤታችን ወዳለው ጫት ነጋዴ ነው። ጫት ነጋዴ ደግሞ ሌሊት ነው የሚነሳው። «አቦ ውሰጂ፣ ሲደርስ ትመልሻለሽ» ብሎ 18 ሺህ ብር ቆጠረላት። አክስቴ የዳነችው በዚያ ገንዘብ ነው።

በሁለተኛው ቀን፣ ስትሻላት፣ ያሰብኩትን ላከማት ጤና መኮንን ነገርኩት። አልተቆጣም። «የእናትህ ካርድ ላይ ስኳር የለም። በእሷ ስም ብትመጣ ኖሮ ራሷን በማታውቅበት ሰዓት ስኳር እንዳለባት ማን ይነግረን ነበር? ግሉኮስ ብናንጠለጥልላትስ? ነገ ደግሞ እናትህ ስትታመም ያላት ያልሆነ በሽታ ካርዷ ላይ ተጽፎ ይጠብቃታል» አለኝ። እኔ ገንዘብ የማዳን ብልሃት የመሰለኝ ነገር ለካ ሁለቱን እህትማማቾች በአንድ ጊዜ ገደል የሚከት ነበር! የሌላውን የአባልነት መብት መስረቅ መሆኑ ደግሞ ሌላ ኃጢአት ነው።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ እየጠየቅሁ ያወቅሁትን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ነገር፣ «ኢንሹራንስ አለኝ» የሚል ዘመድ ሲመጣ «የት የት የሚሠራ?» ብላችሁ ጠይቁት። የአሜሪካ አረጋውያን የሚታከሙበት ሜዲኬር፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። የእንግሊዝ መንግሥት ነጻ ሕክምናም ባለመብቱን ተከትሎ ጭሮ ድረስ አይመጣም። ቢጫ ካርድ የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያም ያለ ቪዛ ያስገባል እንጂ የሕክምና ሂሳብ አይከፍልም። ገራሚው ነገር ምን መሰላችሁ? እኛ ወደ አውሮፓ ለመሄድ የሼንገን ቪዛ ስንጠይቅ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና መድን አምጡ እንባላለን። ወደ እኛ የሚመጣውን ዘመድ ግን እንኳን ኤምባሲ እኛ ቤተሰቦቹም አንጠይቀውም። የምንጠይቀው ጫማና ስልክ ነው!

ሁለተኛው፣ መፍትሔው ከመነሳት በፊት የሚገዛ የጉዞ መድን ነው። እሱም ቢሆን ዓይነቱ ብዙ ነው። «ቀድሞ የነበረ ሕመም» የሚለው አንቀጽ በደንብ ይነበብ። ስኳር፣ ግፊት፣ አስም ያለበት ሰው ይህን ሳያይ ቢፈርም ውሉ የሚያገለግለው ለጉንፋን ብቻ ሊሆን ይችላል። ሕመምተኛን ወደ ሌላ ቦታ የማዛወር ወጪን መሸፈኑም ይታይ። ጭሮ ከአዲስ አበባ 326 ኪሎ ሜትር ነው፤ የአውሮፕላን ማረፊያ የለንም። ጠቅላላ ሆስፒታል ቢኖረንም ነገሩ ከበድ ሲል ወደ ድሬዳዋ ድል ጮራ ወይም ወደ ሐረር ሕይወት ፋና መሄድ አለ። ሂርና፣ በዴሳ፣ ገለምሶ ወይም መቻራ የሚያርፍ እንግዳ ደግሞ መንገዱን አስቀድሞ ያስብበት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ የሚጠራበት 907 ቁጥር በስልካችሁ ይመዝገብ።

በየመንገድ ሥራውና በየእርዳታ ድርጅቱ የሚመጡት ፈረንጆች በዚህ ይበልጡናል። አንዱን የማውቀውን ስጠይቀው፣ ሲታመም የሚደውልበትን ቁጥር፣ የመድኑን ውል ቁጥርና የደም ዓይነቱን በአንዲት ወረቀት ጽፎ ከፓስፖርቱ ጋር እንደሚይዝ አሳየኝ። ወረቀት ነው፤ ዋጋ የለውም። የእኛ ሰው ግን «አገሬ ነው የምሄደው፣ ምን እሆናለሁ» ይላል። አገር መሆኑ ከሕመም አያድንም ወገኖቼ!

ሦስተኛው የደረሰኝ ጉዳይ ነው። ኋላ ላይ የአክስቴ ልጅ ስትፈትሽ፣ ለካ የአውሮፕላን ቲኬቱን ስትቆርጥ ትንሽ የጉዞ መድን አብሮ ተገዝቶ ኖሯል። ገዢዋ ራሷ ረስታዋለች! ደረሰኙን ላክን። መልስ መጣ፤ «ይህ ሕክምና የተደረገው ከሰባት ዓመት በፊት ነው፤ አንከፍልም።» ግራ ተጋባን። ነገሩ ሲጣራ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው 21/4/2017 ነው። ለእኛ ታኅሣሥ 21 ቀን ነው፤ ለእነሱ ደግሞ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኤፕሪል ላይ ሆነ። ክሊኒኩ ሁለቱንም ቀን አስተያይቶ፣ ማኅተም አድርጎ ደብዳቤ ጻፈልን። ያኔ ከፊሉን ከፈሉ፤ የስኳሩን ድርሻ ግን «ቀድሞ የነበረ ሕመም ነው» ብለው ቀነሱ። ስለዚህ ደረሰኝ ስትቀበሉ የፈረንጆቹም ቀን ይጻፍበት። የሕመሙ ስም፣ የተሰጠው መድኃኒትና የሐኪሙ ፊርማም አይቅር። ያለ ደረሰኝ የተገዛ መድኃኒት እንዳልተገዛ ይቁጠሩት።

አራተኛው፣ መድኃኒት በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ ከቆይታው ቀን ተርፎ ይያዝ። የፋብሪካው ስም በየአገሩ ስለሚለያይ የመድኃኒቱ ዋና ስም ይጻፍ። ፋርማሲዎቻችን ሜትፎርሚን ቢሏቸው ያውቃሉ፤ በውጭ አገር የንግድ ስም ቢጠየቁ ግን ላያውቁት ይችላሉ። ወባ ደግሞ አለ። ሚኤሶና አዋሽ በረሃው ሞቃት ነው። «እኔ እኮ እዚሁ ነው ያደግሁት» የሚል ዘመድ ብዙ ዓመት ርቆ ሲቆይ የነበረው መቋቋም እንደሚጠፋ ይወቅ። ከመምጣቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ተመልሶ ትኩሳት ቢይዘው «ኢትዮጵያ ነበርኩ» ብሎ ሳይጠየቅ ይናገር።

አሁን ወደ እናቴ ደብተር ልመለስ። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ነው የተጀመረው። የታሰበው ደመወዝ ለሌለው ለገበሬውና እንደ እናቴ በግሉ ሠርቶ ለሚያድር ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ ያዋጣል፤ መዋጮው እንደየቦታው ይለያያል። መክፈል ለማይችለው ደሃ መንግሥት ይከፍልለታል። ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ወደ ሆስፒታል የሚኬደው በሪፈር ወረቀት ነው። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ለውበት የሚደረግ ሕክምና አይሸፍንም። ጉድለት የለውም አልልም። መድኃኒቱ ከመንግሥት ፋርማሲ ሲጠፋ ከኪስ አውጥቶ የገዛ ሰው ብሶቱን ያውቀዋል። ግን እናቴ በዚያው ዓመት ክረምት ሳንባ ምች ይዟት ስትታከም ማንንም አላስቸገረችም።

ሌላው ቢቀር ከዚሁ ከሐረርጌ በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር የሚወጡትን ልጆቻችንን አስቡ። ለእነሱም እንግዳነታቸው እዚያ ነው። ኢቃማ የሌለው ሰው ሲታመም ሆስፒታል መሄድ ራሱ ያስፈራዋል። በውል የምትሄዱ ደግሞ ከደመወዙ ቀጥሎ «ብታመም የሚያሳክመኝ ማነው?» የሚለው በውሉ ላይ መጻፉን ሳታዩ አትፈርሙ።

አክስቴ ተሽሏት ልትመለስ ስትል ያንን ደብተር እንደገና አሳዪኝ አለች። አገላብጣ አየችው፤ በዚህ ጊዜ አልሳቀችም። «የዓመት መዋጮሽን ከእንግዲህ እኔ ልክፈልልሽ» ብላ ለመነቻት። እናቴ ደብተሩን ተቀብላ፣ መልሳ በፌስታሉ ጠቅልላ፣

«የኔን እኔው እከፍላለሁ። አንቺ የራስሽን ግዢ» አለቻት።

እኔም ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ስልክ ስትደውሉላቸው ይህችን ጥያቄ አትርሱ።