ቲቸር፣ የዜና ዌብሳይት ልክፈት?

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ ሥራዬን ለቅቄ የዜና ዌብሳይት ልከፍት ነው፤ በጉግል ማስታወቂያ እኖራለሁ» አለኝ። ኧረ እንዳትለቅ አልኩት። ተጨቃጨቅን። ሌሎቻችሁም ይህንኑ ስለምትጠይቁኝ ምክንያቴን እዚህ ልጻፈው።

ዜና ሰው ያመጣል፤ አልክድም። ግን ጉግል የማስታወቂያ ቦታውን የሚሸጠው በጨረታ ነው። አንባቢው የት አገር ነው? ምን ሊገዛ አስቧል? ዋጋው በዚህ ይወጣል ይወርዳል። ሹም ሽር አንብቦ የሚወጣ ሰው ምንም ሊገዛ አልመጣም። በዚያ ላይ ያው ዜና ቴሌግራም ላይ ቀድሞ ደርሶታል።

እኔ ራሴ ቀምሼዋለሁ። የ12ኛ ክፍል የፊዚክስ ጥያቄዎች የምለጥፍበት ገጽ ነበረኝ። ፈተና ሲደርስ ይጨናነቃል፤ ፈተናው ሲያልፍ ወና ነው። አድሴንስ 100 ዶላር ሳይሞላ አይከፍልም፤ እሷን ለመሙላት 14 ወር ፈጀብኝ። ገና 10 ዶላር ላይ ደግሞ የአድራሻ ማረጋገጫ ቁጥር በፖስታ ይልካሉ። ፖስታ ሳጥን ስለሌለኝ በወንድሜ መሥሪያ ቤት ሳጥን ነው የተቀበልኩት። (ተማሪዎቼ «እንርዳዎት» ብለው ማስታወቂያውን ደጋግመው ሲጫኑልኝማ ተዉኝ ብዬ ለመንኳቸው። ሂሳብ የሚያዘጋ ነገር ነው!)

ታዲያ ምን ዓይነት ይሻላል? ሰው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት የሚያየው ዓይነት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ ዋሽንግተን ያለች እህት ለእናቷ ከመላኳ በፊት የየባንኩን ዋጋ ማወዳደር ትፈልጋለች። አንባቢዎቿ እንዲህ የሆኑ ገጽ ትንሽ ብትሆንም ገንዘብ አስተላላፊ ድርጅቶች ይፈልጓታል።

ልጁ ግን ከዚህም የተሻለ ነገር እጁ ላይ አለ። ስድስት ዓመት የመኪና መለዋወጫ ሸጧል! የቪትዝ ፍሬን ሸራ ኦርጅናሉ ከኮፒው በምን እንደሚለይ በዓይኑ ያውቃል። በየቀኑ ስንቱ ሰው ነው በዚህ የሚታለለው? እሱን ይጻፍ፣ ፎቶ ያንሳ፣ የሰሞኑን ዋጋ ያስቀምጥ። ማስታወቂያውንም ጉግልን ሳይጠብቅ ለሱቆቹ ራሱ በወር ክፍያ በብር ይሽጥ። ይህን ደግሞ ማታ ማታ፣ ደሞዙን እየበላ መጀመር ይችላል።

«አስብበታለሁ» ብሎ ዘጋው። ሶማሌ ተራ ሱቅ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ እንዲህ ዓይነት ገጽ ላይ ለመውጣት በወር ስንት ብር ትከፍላላችሁ? እውነቱን ጻፉልኝ፤ አሳየዋለሁ።